ጡሩንባ አፏን ስትከፍት

ረዳቱ በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል፣ ብዙም ተሳድቧል። በሚኒባስ በር ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ተንጠልጥሎ የኖረ ሰው አፉ ከየት ለስልሶ? ያን ረቡዕ ግን ትምህርት ቤት ተጠርቶ የሦስተኛ ክፍል መምህርቷ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ የተናገረችውን ከወረቀት ላይ ሲያነቡለት ላብ አጠመቀው። ስድቡ የራሱ ነበር። አንድም ቃል ሳይጎድል፣ ትላንት መንገድ ለዘጋበት የጭነት መኪና ሹፌር የወረወረው ነው። ልጅቷ ያኔ የሚኒባሱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ከየት የለቀመችው ይመስልሃል?" አሉት መምህርቷ፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት።

"ከ... ከሰፈር ልጆች።"

አጠገቡ የቆመችው ልጅቷ ቀና አለች። "አባዬ!"

"እሺ፣ ከእኔ ነው።"

ዳይሬክተሩ ፈርዶ ጨርሷል። እስከ አርብ አንዲት ስድብ ከተሰማባት መሸኛዋን ይዛ ትሄዳለች። ረዳቱ ይሄን ሲሰማ ሚስቱ ትዝ አለችው። ሚስቱ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ድምጿ ከትንፋሽ አልበልጥ ሲል እንኳ፣ ስለ መድኃኒቷ ሳይሆን "የቤት ሥራዋን ሠራች?" ብላ ነበር የምትጠይቀው። የልጅቷን ፀጉር የምትጎነጉነውም እሷ ነበረች። እሱ ጉንጉን አይሆንለትም፤ ጠዋት ጠዋት ሁሉንም ጠቅልሎ በአንድ ቀይ ላስቲክ ያስረውና ልጅቷ የሽንኩርት ራስ መስላ ትሄዳለች።

ልጅቷ እንዳስረዳችው መዘዙ የመጣው ከዚሁ ላስቲክ ነው። ድምጿ ትልቅ ስለሆነ ልጆቹ "ጡሩንባ" ይሏታል። አንዱ ላስቲኳን ከኋላ ጎትቶ ይለቀዋል፣ እሷ ትሳደባለች፣ ሌሎቹ "ቲቸር፣ ሰደበችን!" እያሉ ይሮጣሉ። "ጡሩንባ ማስነፋት" ይሉታል ጨዋታውን። አለቃው ደግሞ አስተማሪ ሲያይ እጁን አጣጥፎ ስለሚቀመጥ "ጨዋው" የተባለ ልጅ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ መምህርቷ።

"ነገርኩ እኮ! በስድብ ነገርኩ።"

መምህርቷ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። "ስሚኝ የኔ እመቤት። ጩኸትሽን አልነጥቅሽም፣ ጩኺ። ግን ሦስት ነገር ብቻ ተናገሪ፤ ምን እንዳደረገሽ፣ ምን እንደተሰማሽ፣ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጊ። ስድብ ከጨመርሽበት እሱ ያመልጣል፣ አንቺ ትቀጪያለሽ።" ወደ ረዳቱ ዞሩ። "አንተም እንደዚሁ። ብቻዋን አትችለውም።"

"እኔ? ኧረ መምህር፣ እኔ እኮ ሥራዬ ነው!"

"አርብ ቅርብ ነው፣ ወንድሜ።"

በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አንዲት የቤት መኪና ፊታቸው ተደነቀረች። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተላተመ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አወጣ፤ ስድቡ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልጁ ከፊት ወንበር ዞራ እያየችው ነው። ዋጠው።

"አንተ ሰውዬ! መንገዳችንን ዘጋህብን! ደንግጫለሁ! ሁለተኛ እንዳታደርገው!"

ባለመኪናው ዞሮ አየው። "አሞሃል እንዴ?"

"ደህና ነኝ! አመሰግናለሁ!"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። "ትላንት ምን አጠጡህ?" አለው ሹፌሩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ በጣቷ ቆጠረች።

"ሦስቱንም ብለሃል" አለችው።

አርብ ጠዋት ፀጉሯን ሲያስር፣ ሊፈትናት ብሎ ላስቲኩን ሳብ አደረገው። ስድቡ ከነሙሉ ትጥቁ ወጣ። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ።

በእረፍት ሰዓት መምህርቷም ባሉበት ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራ። ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው ፊርማ ነው። "እስካሁን የተሰማ የለም" አለ ዳይሬክተሩ ብዕሩን እያሽከረከረ፣ "ግን ቀኑ አላለቀም።"

በክፍቱ መስኮት ሜዳው ይታያል። ረዳቱ ቀዩን ላስቲክ ከልጆቹ መሀል ለየው። ጨዋው ከኋላዋ ነው። ሊጣራ ሲል መምህርቷ ክንዱን ያዙት። ላስቲኩ ተጎተተ፣ ተለቀቀ። ልጆቹ ሊሮጡ ተዘጋጁ። ጡሩንባ ዞረች፤ ደረቷ ተነፋ።

"ላስቲኬን ጎተትከው! አሞኛል! እጅህን ሰብስብ!"

ድምፁ ከማዶው ሕንፃ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። የትልልቆቹ ክፍሎች መስኮቶች ተከፈቱ። ዳይሬክተሩ ስድቡን ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ አልመጣም።

"ቲቸር..." ብሎ ጀመረ ጨዋው፤ የሚቀጥለውን ግን አጣው።

"ምን ብላ ሰደበችህ?" አለው ጓደኛው።

"አልሰደበችኝም።"

"ታዲያ ምን ብለን ልንከሳት ነው?"

ይሄኔ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ "የእኔንም ቦርሳ ትጎትታለህ! ያናድደኛል! ተው!" አለች። ሌላው ስለተወሰደበት ኳስ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ግማሹ ሜዳ የደረሰበትን ይናገር ጀመር፣ አንድም ሰው ሳይሳደብ። ጨዋው ዓይኑ እንባ ሞላ። መምህርቷ ወጥተው ትከሻውን ያዙት። "ና እስቲ አንተ ደግሞ። ይቅርታ መጠየቅም ልምምድ ይፈልጋል።"

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደው። "ሰኞ በሰዓቷ ትምጣ" አለ።

ረዳቱ ወደ ሜዳው እየሮጠ ወጣ። "የኔ ጀግና! ሰማሁሽ እኮ!"

"ሰማኸኝ? ሦስቱንም?" ላስቲኳ ተፈትቶ ፀጉሯ ተበትኗል፤ ከኋላዋ ቀጭኗ ልጅ ገመድ ይዛ ትጠብቃታለች። "አሁን ሂድ አባዬ፣ ተራዬ ደርሷል።"

ሄደ። ቤት ቢሄድ ይሄን የሚነግራት ሚስቱ የለችም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ተሳፋሪ ነገረ፣ ለሁለተኛውም ነገረ። የመጨረሻው ፌርማታ ሲደርሱ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ያጨበጭብ ነበር።