አንድ ስም የጎደለው የሕይወት ታሪክ

አጎቴ ወልደመስቀል መጽሐፍ ሲገልጥ ጣቱን በምራቁ ያርሳል። ልማዱ ነው፣ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን፣ አባቴ ገና ሳይቀበር፣ ንፍሮ ሲዝቅበት የቆየውን ጣቱን ልሶ ኦሪት ዘፍጥረትን ሲገልጥ ሳይ ቀፈፈኝ።

በዘጠና ሰባት ሰኔ ነው፣ ምርጫው ባለፈ በወሩ። ሶዶ ቤታችን ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል። አስተማሪ ስለሆንኩ የአባቴን የአቶ አንጁሎን የሕይወት ታሪክ ጽፌ ቀብሩ ላይ እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ እየሩስ ነኝ። የት ተወለዱ፣ ምን ሠሩ፣ ማንን ወለዱ። ጽፌ ጽፌ የልጆች ስም ላይ ስደርስ ሸምሱ ጓዳው በር ላይ ቆመ።

ሸምሱን ከዚያ በፊት ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። እናቱ ቦልቴ ቤታችን ሠራተኛ ነበረች። ከአባቴ ወለደች፤ እናቴ አረጋሽም ከነሕፃኑ አባረረቻት። ዲምቱ ከተማ ወርዳ አንድ የስልጤ ነጋዴ አገባች፣ ልጁም እዚያው በእስልምና አደገ። እኛ ቤት ስሙ አይነሳም።

"ቤት አልፈልግም፣ መሬትም አልፈልግም" አለኝ፣ ነጭ ቆቡን በእጁ ይዞ። "ስታነቢ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሕዝብ ፊት፣ የአንጁሎ ልጅ ሸምሱ በይኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።"

"ስሙ ሕዝብ ፊት ከተነበበ ነገ ፍርድ ቤት ለቀስተኛው ሁሉ ምስክሩ ነው" አላት አጠገቤ የተቀመጠው አጎቴ እናቴን፣ ልጁ እዚያ የሌለ ይመስል። ይኼ ሰው የቀበሌ ካድሬ ነው። ስለ እኩልነት ሲናገር አዳራሹ ሙሉ ሰው ያጨበጭብለታል። አሁን ደግሞ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ "ሣራ ሠራተኛዋን ከነልጇ አባርር አለችው። እግዚአብሔርም አብርሃምን የምትልህን ስማት አለው። ይኸው፣ ተጽፏል!" አለ።

እናቴ ሣራ መባሏ ደስ አላት። ባሌን ቀሙኝ እያለች ደረቷን ስትመታ ያደረች ሴት ፊቷ ፈካ። እናቴ ናት፣ ግን አስጠላችኝ።

"በእኛ ዘንድ እንደዚያ አይደለም፣ ጋሼ" አለ ሸምሱ ቀስ ብሎ። "ኢብራሂም ሃጀርንና ኢስማኢልን በረሃ ያደረሳቸው አላህ ስላዘዘው ነው። እሷም፣ አላህ ነው ያዘዘህ? ብላ ጠየቀችው። አዎ ሲላት፣ እንግዲያው አይጥለንም አለች። ውሃ ፍለጋ በሁለት ኮረብታ መሃል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች፤ ውሃው ልጇ ጋ ፈለቀላት። ኢብራሂምም በዚያው አልቀረም። እየተመለሰ ልጁን ጠየቀው፤ ኋላ አባትና ልጅ አብረው ካዕባን ሠሩ።" "አባቴም ይመጣ ነበር። ዲምቱ፣ በገበያ ቀን" አለ።

"በሬ ልገዛ ነው የምወርደው እያለኝ!" ብላ እናቴ ብድግ አለች።

እኔ መጽሐፉን ከአጎቴ ነጠቅሁትና ጥቂት ገጽ ገለጥሁ። "አብርሃም ሲሞት ማን ቀበረው? ይስሐቅና እስማኤል። ልጆቹ፣ ሁለቱም። የእኛው መጽሐፍ ነው የሚለው!"

አጎቴ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አየው። "ቀበሩት ይላል እንጂ ስማቸው ተነበበ አይልም። ይቅበር፣ ማን ከለከለው?" አለ። ሰይጣንም ለተንኮሉ መጽሐፍ ይጠቅሳል ሲባል እሰማ ነበር። እንዲህ ተመቻችቶ ተቀምጦ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

"ስሙን ከጠራሽ እኔም ልጅ የለኝም" አለችኝ እናቴ።

ሸምሱ ዓይኔን አየ። "አነበዋለሁ" አልኩት። እነሱ እያዩኝ ከወንድሜ ከቸሩና ከእህቴ ከትዝታ ሥር ጻፍኩት፤ ሸምሱ አንጁሎ።

ቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካፊያ ነበር። ሰዉ ከአጥር ውጭ ሁሉ ቆሟል። አነበብኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። የልጆች ስም ላይ ስደርስ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈው የያዟት እናቴ ልቅሶዋን ቀጥ አድርጋ ተመለከተችኝ።

"ቸሩ አንጁሎ፣ እየሩስ አንጁሎ፣ ትዝታ አንጁሎ" አልኩ። አራተኛው ስም በራሴ እጅ ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ አለ። "የሦስት ልጆች አባት ነበሩ" ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

እናቴ ልቅሶዋን ቀጠለች። አጎቴ ከሁሉ ቀድሞ "አሜን" አለ። የሰውየው ነገር ሲቀፈኝ ከርሞ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን የቀፈፈኝ የራሴ አፍ ነው።

ሸምሱ ተራውን ጠብቆ አፈር አለበሰና አካፋውን ለሚቀጥለው ሰው ሰጠ። ከዚያ እኛ የሟች ቤተሰቦች በረድፍ ቆምን፤ ለቀስተኛውም እየጨበጠን ማለፍ ጀመረ። ወንድሜ ሸምሱ አጠገቤ ይመጣል፣ አብሮን ይቆማል ብዬ ቦታ ለቀቅሁለት። እሱ ግን ዞሮ ሄዶ ከለቀስተኛው ሰልፍ መጨረሻ ቆመ።

እናቴን ጎንበስ ብሎ ጨበጣት፤ አጎቴንም ጨበጠው። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"እግዜር ያጽናሽ" አለኝ በእኛው ደንብ። "አባትሽ ጥሩ ሰው ነበሩ።"