በአሜን የጸደቀ ውሳኔ

ስብሰባው በጸሎት እንዲዘጋ የጠየቀው ራሱ ኤልሳዕ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ያመጣውን ነገር ሳስብ ዛሬም ደሜ ስለሚፈላ ነው።

ኤልሳዕ የክፍለ ከተማችን ኃላፊ ነው። ከመሾሙ በፊት በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ አብረን ዘምረናል። ከተሾመ በኋላ መዝሙሩን ቢተውም አሜኑን አልተወም። ስብሰባ ሲመራ “መንገዱ ይሠራል፣ አሜን ነው?” ይላል፣ አዳራሹም “አሜን!” ይላል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያደግንበት ስለሆነ አንድ ሰው ቆሞ አሜን ሲጠይቀን አፋችን ከልባችን ይቀድማል። ኤልሳዕ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

የዚያን ቀን የተጠራነው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ስላለው ጉልት ነበር። እናቴ፣ ወይዘሮ ፈጠነች፣ እዚያ ሸራዋን ዘርግታ ጎደሬ፣ ዝንጅብልና አቮካዶ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። አባታችን ከሞተ በኋላ የበላነውም የተማርነውም ከዚያች መሬት ነው፤ እኔም ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት የማስተምረው በእሷው ነው። ኤልሳዕ ቦታው ለአንድ ባለሀብት ሊሰጥ መሆኑን፣ ፎቅ እንደሚሠራበት፣ ከተማችን ሶዶ እንደምታምር ነገረን። ሴቶቹ የት እንደሚሄዱ ግን አልነገረንም።

እትዬ ክብረት ተነሡ። ከእናቴ ጎን ሽንኩርትና በርበሬ የሚሸጡ፣ ማተባቸው ከአንገታቸው የማይጠፋ ኦርቶዶክስ ናቸው።

“ልማቱን አልጠላንም” አሉ። “ምትክ ቦታው የታለ? እኛ ነገ የት ነው የምንቀመጠው?”

አዳራሹ አጉረመረመ። ሌሎች እጆችም መውጣት ጀመሩ። ኤልሳዕ ሰዓቱን አየና፣ “ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሂደት ይታያል። ለአሁኑ በጸሎት እንዝጋ። ጋሽ ዘሩባቤል ይባርኩን” አለ።

ጋሽ ዘሩባቤል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሰንበት ትምህርት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሲነሡ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን፤ ዓይን ተጨፍኖ ደግሞ እጅ አውጥቶ የሚጠይቅ የለም። ከተማዋን ባረኩ፣ መሪዎቻችንን ባረኩ፣ “የታሰበውን ልማት ፈጽምልን” አሉ። “አሜን!” አልን። እናቴም አለች፣ እኔም አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ኤልሳዕ ቦርሳውን ይዞ በሩ ጋ ደርሷል።

በሳምንቱ ጉልቱ በቆርቆሮ ታጠረ። እናቴ ሸራዋን ጠቅልላ አስፋልቱ ዳር ቆማ፣ ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉባት አገኘኋት። በቀጥታ ኤልሳዕ ቢሮ ሄድኩ።

“ማን ፈቅዶ ነው?” አልኩት፣ ሰላምታም ሳልሰጥ።

“ቲቸር ናዝራዊት፣ እናንተው ናችኋ” አለ እየሣቀ። “ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል። አሜን አላላችሁም እንዴ?”

“አሜን ያልነው ለእግዚአብሔር ነው!”

“እንግዲያው አቤቱታሽን ለእሱ አቅርቢ።”

ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። ይሄ ግን ድምፁን፣ እናቱን፣ የተጠመቀበትን ወንዝ ሳይቀር የምናውቀው እኛው ፊት ነው የሚቀልደው። እኛን የሚያስርበት ገመድ ሌላ ቦታ አልፈለገም፤ ከአምልኳችን ላይ ፈቶ ወሰደው።

በዚያው ንዴት ጋሽ ዘሩባቤል ቤት ገባሁ። ጓሯቸው ውስጥ እንሰት ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጋ ብለው አዳመጡኝና፣

“ልጄ፣ እኛ አገራችን በሰማይ ነው” አሉ። “ፖለቲካ ዓለማዊ ነገር ነው። ለባለሥልጣን እንድንገዛ ታዘናል። ደግሞም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።”

“ጋሼ፣ እርስዎ የጸለዩትስ ፖለቲካ አይደለም?” አልኩ። “እትዬ ክብረት ሲጠይቁ ዓለማዊ፣ እርስዎ ኤልሳዕን ሲባርኩ መንፈሳዊ የሚሆነው በየት በኩል ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ ሹማምንቱ ያለ ፍርድ ገርፈው በስውር ሊሸኙት ሲሉ ዜግነቱን አንሥቶ አልተከራከረም? አገሩ በሰማይ መሆኑን ረስቶት ነበር?”

“ድምፅሽን ቀንሺ” አሉ። “ጎረቤት ይሰማል።”

የእናቴ ቦታ መሄድ ያላስደነገጣቸውን ሰው የእኔ ጩኸት አስደነገጣቸው።

ኤልሳዕ የማጠቃለያ ስብሰባ ጠራ። እኔ ደግሞ የጉልቱን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞርኩ አንድ ነገር ለመንኩ፤ ጋሽ ዘሩባቤል ሲጸልዩ ማንም ሰው አሜን እንዳይል። ሁሉም እሺ አሉኝ። እትዬ ክብረት፣ “እኔማ ያኔም እናንተ ስትሉ ዝም ነው ያልኩት” ብለው ሣቁብኝ። እናቴ ብቻ ዝንጅብሏን እየለየች ሰማችኝ እንጂ እሺም እንቢም አላለችም።

አዳራሹ ሞላ። ኤልሳዕ ስለ ፎቁ ተናገረ፣ አመሰገነን፣ ጥያቄ ሳይቀበል ጋሽ ዘሩባቤልን አስነሣ። የዚያን ቀን ጸሎታቸው አጭር ነበር፣ ልማቱንም አላነሡም። “በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም” ብለው ጨረሱ።

ዝም አልን። እንዲህ ያለ ዝምታ በሶዶ ሰምቼ አላውቅም። ኤልሳዕ ቀና ብሎ አየን፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

“አሜን” አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

እናቴ ነበረች። ዘወር ብዬ አየኋት፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ተናድጄባት አላውቅም። የኤልሳዕ ፊት ፈካ። “ተባረኪ እናቴ!” አለና ቦርሳውን አነሣ።

“ተቀመጥ” አለችው በወላይትኛ። አፉን የፈታበት ቋንቋ ነውና አልገባኝም ማለት አልቻለም።

“አሜኔ የጌታ ነው” አለች። “መበለት ሆኜ ልጆቼን ሳሳድግ የሰማኝ እሱ ነው፣ በአንተ ምክንያት አልነፍገውም። ቦታዬን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ አሜኔን ልትወስድ?” ወደ እኔም ዞረች። “አንቺም አትከልክዪኝ።”

አፍሬ አቀረቀርኩ። እሷ ግን ከእኔ ጋር ጨርሳለች። አፈር የጠገበ እጇን ወደ ላይ አወጣች።

“ይሄ ደግሞ ለአንተ ነው። አልተስማማሁም። ቁጠር።”

እትዬ ክብረት ወላይትኛው ሁሉ ባይገባቸውም እጁ ገብቷቸው የራሳቸውን አነሡ። ከዚያ የጉልቱ ሴቶች በሙሉ አነሡ፣ እኔም አነሣሁ።

“ስብሰባው እኮ በጸሎት ተዘግቷል” አለ ኤልሳዕ።

ጋሽ ዘሩባቤል ገና እንደቆሙ ነበሩ። እጆቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከቱና ወደ እሱ ዞሩ።

“የጸለይኩት እኔ ነኝ” አሉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብለው። “እኔ የማንንም አፍ አልዘጋሁም። ቁጠር!”

ኤልሳዕ ቦርሳውን መልሶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።