የተዘጋው ሩቢኔት

መካኒኩ አዲሱን የማሸጊያ ጎማ ኪሱ ከቶ ከብስክሌቱ ሲወርድ የአሮጌዋ አውሮፕላን ሞተር ድምፅ ጆሮው ገባ። ክው አለ።

ትናንት ከሥራ ሊወጣ ሲል ከአውሮፕላኗ ሆድ ሥር ቤንዚን ጠብ ጠብ ሲል አይቶ፣ የነዳጁን ሩቢኔት ዘግቶት ነበር። ማንም መካኒክ የሚያደርገው ነው። ችግሩ የሚስቱ አባት ናቸው። የአውሮፕላኗ ባለቤትም አብራሪም እሳቸው ሲሆኑ፣ «ሩቢኔቷን የነካ ከእኔ ጋር ተጣላ» ብለው ካወጁ ቆይተዋል። አርጅታለች፣ ከነኳት ታፈሳለች ባይ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ክፍት ስለሆነች ከመቀመጫቸው ሥር ጎንበስ ብለው አያዩዋትም። መካኒኩ ልጃቸውን ካገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም ፊታቸው ሲቆም ላብ ያጠምቀዋል። ስለዚህ ማልዶ ጎማ ገዝቶ፣ የሚያፈሰውን ቀይሮ፣ ሩቢኔቱን መልሶ ከፍቶ፣ እንዳልነካ ሊሆን አስቦ ነበር። ሰውዬው እንዲህ በጠዋት ይመጣሉ ብሎ ማን ይጠርጥር?

ሩቢኔቱ ተዘግቶም ሞተሩ ይነሳል፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ቱቦውና ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ለጥቂት ደቂቃ ትበቃለች። ሞተሩን ለማሞቅ፣ ለመንደርደር፣ ከመሬት ለመነሳት። ከዚያ ከማኮብኮቢያው ማዶ ካሉት ቤቶች ጣሪያ በላይ ሞተሩ ቀጥ ይላል።

ብስክሌቱን ወርውሮ ሮጠ። አውሮፕላኗ ሬዲዮ የላትም። ማኮብኮቢያው ዳር ቆሞ ሁለት እጁን አወናጨፈ። ያኔ ነው ከሽማግሌው ጎን ሚስቱን ያያት። እሷ ደግሞ የሚሸኛት መስሏት፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ እጇን አውለበለበችለት።

«አጥፉት! አባባ አጥፉት!» ሞተሩ ድምፁን ዋጠው።

አውሮፕላኗ መንደርደር ጀመረች። አፍንጫዋ ወደ ላይ የተቀሰረ ስለሆነ ሽማግሌው ፊት ለፊት የቆመ ሰው አይታያቸውም። መካኒኩ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ሌላ ምን ያድርግ? ዘሎ መሃል ማኮብኮቢያው ላይ ገባ። ሚስቱ ባሏ ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ሥር ሲሰወርባት የአባቷን ክንድ ጨምድዳ ጮኸች።

አውሮፕላኗ ተንገጫግጫ፣ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

ሽማግሌው ሞተሩን ሳያጠፉ መስኮቱን በረገዱት። «አብደሃል እንዴ አንተ! ድሮም ለልጄ አይሆናትም ብዬ ነበር! አሁን ደግሞ ብለህ ብለህ...»

ሞተሩ አንዴ ተንተፋተፈ፣ ደገመና ጸጥ አለ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከመቀመጫው ሥር ዳበሱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ምነው ታዲያ ብትነግረኝ?»

«ፈራሁዎት።»

ሽማግሌው ከማኮብኮቢያው ማዶ ያሉትን ጣሪያዎች አዩ። ልጃቸውን አዩ።

«እኔን ፈርተህ... ልጄን?» አሉ። የመቀመጫ ቀበቷቸውን መፍታት ጀመሩ።

ልጃቸው የራሷን ፈታ ወረደች። አባቷንም ባሏንም ቀና ብላ አላየችም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።