ኮርማ የመሰከረለት በር

ግራዝማች መርዳሳ አውቶሞቢል እስኪገዙ ድረስ አዳማ ውስጥ ሰው የሚኮራው በበቅሎው ነበር። ያ ጥቁር አውቶሞቢል ከጅቡቲ በባቡር ተጭኖ መጥቶ ጣቢያው ላይ ሲወርድ፣ ከአዋሽ ማዶ ያለው ሰው ሳይቀር እየመጣ ፊቱን በሩ ላይ አየ። በሩ ከማብረቅረቁ የተነሳ መስተዋት ነው። እኔ ራሴ ጥርሴ መሀል ያደረችውን የጎመን ቅጠል ያገኘኋት እዚያ በር ላይ ነው።

ሁሉም የወደደውን በር የከብት አርቢው የፈዬራ ኮርማ ጠላው። ስሙ ጉራቻ ነው፤ በኦሮምኛ ጥቁሩ ማለት ነው። ሲያገሳ ባቡሩ የተጠራ እየመሰለው ይመልስለታል። አንድ ጠዋት ወደ ውኃ ሲነዳ በግራዝማች ደጅ አለፈና፣ በሩ ውስጥ ሌላ ጥቁር ኮርማ ቆሞ ሲያፈጥበት አየ። ሁለት ኮርማ በአንድ ደጅ አይቆምም፤ ቀንዱን ሰካበት። በሩ እንደ ገበቴ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፤ ቀለሙም ተላጠ።

ፈዬራ ይቅርታ ይጠይቃል ብለን ስንጠብቅ፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ ኮርማው የፈረንጅ ብረት አሸነፈ እያለ በየመንደሩ አወራ። ግራዝማች ደግሞ የእህታቸው ልጅ ሠርግ ሞጆ ላይ ደርሶባቸዋል። በዚያ በር ቢሄዱ የሠርግ ዘፋኝ አይምራቸውም። መኪናው በባቡር ተጭኖ አዲስ አበባ ይጠገን ያለም ነበር፤ እሳቸው ግን ፈረስ በሰው ጫንቃ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ብለው እምቢ አሉ።

እኔ ደገፋ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። በልጅነቴ ዳዊቱን ግማሽ ላይ ለየኔታ ትቼላቸው ድሬዳዋ ወርጄ፣ በባቡር ማደሻው ግቢ ውኃ ሳቀርብ እጄ ባልዲ ቢይዝም ዓይኔ ሥራ አልፈታም ነበር። ስለዚህ የባቡር ጎን ሲቃና ያየሁ ሰው ለአንድ በር አላንስም አልኩ። ወሬው ግን ትንሽ አደገ፤ ማታውን ባቡሩን ብቻዬን ያቃናሁት እኔው ሆኜ ተገኘሁ። ያሳደግሁት እኔ ብሆን ምን ይደንቃል፤ ልጅን የሚያሳድግ ወላጁ ነው።

ፈዬራ ሰማና ግራዝማች ግቢ ድረስ መጣ።

«ያ ደገፋ» ብሎ በኦሮምኛ ጠራኝና፣ «አንተ የምትጠግነው በአፍህ ነው» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ዳኛው ጉራቻ ይሁን። የጠገንከው በር ውስጥ ባላጋራውን ካየ፣ ገበያ መሀል ቆሜ መሐንዲስ እልሃለሁ። ዞር ብሎ ካለፈ ግን የጥጃ ቃጭል አንገትህ ላይ አስረህ ገበያውን ትዞራታለህ።»

ግራዝማች ኮርማው በገመድ ይያዝ ብለው ፈቀዱ። እኔ በአዳማ ከስሜ በቀር ርስት የለኝም፤ ሰው ቃጭል ካጠለቀ በኋላ ማን ስሙን ያስታውሰዋል? እሺ አልኩ።

በሩን ከማጠፊያው ነቀልኩት። የውስጥ ልብሱን ገፍፌ፣ አሸዋ የሞላሁትን ስልቻ ከሥሩ አነጠፍኩና ከውስጥ በኩል በወይራ መዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት። ብረት እንደ ኩሩ ሰው ነው፤ ከጮህክበት ይብስበታል። ከጉድጓዱ ዳር ጀምሬ ወደ መሀሉ እየዞርኩ ስለምነው እየተቃና መጣ። የቀረችውን ስርጉድ በግራር ሙጫና በተነፋ አመድ ደፈንኩ። ሲደርቅ እግር በሚፋቅበት ድንጋይ አለሰለስኩት፤ ያ ድንጋይ በእኛ አገር በየሜዳው የተዘራ ነው፣ ከመቅለሉ የተነሳ ዝንብ ስታርፍበት ይንቀሳቀሳል።

ቀለሙን ከፋኖስ ጥላሸትና አፍልቼ ካወፈርኩት የተልባ ዘይት ሠርቼ በሩን ቀባሁት። አሁን ጠላቴ ፈዬራ ሳይሆን የአዳማ አቧራ ሆነ። ንፋሱ ሲነሳ ቀይ ዶሮ ወጥታ ነጭ ዶሮ ትገባለች። የግራዝማች ባለቤት እመት ዘርፉ ጨነቃቸውና ዘዴ አመጡ፤ በሩ ከእልፍኙ ገብቶ አልጋ ላይ ይተኛ አሉ። ገባ። ግራዝማች ወርደው መደብ ላይ ተኙ።

ሰው አልጋ ላይ ተኛ ከተባለ ጎረቤት ይጠይቃል፤ በር ነው ብሎ የሚቀር ጎረቤት የለንም። መጀመሪያ ለመሳቅ መጡ፣ እልፍኙ ውስጥ ሲገቡ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። እግዜር ይማርልዎ የሚል አለ። ባለሱቁ መሐመድሰዒድ አላህ ያሽርልዎ ብሎ ቁጭ አለ። ግራዝማችም ዛሬ ይሻለዋል እያሉ በትካዜ ይመልሳሉ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። የመሐመድሰዒድ እናት እማማ ዙለይካ ግን ደግ ሰው ናቸው፤ ትኩሳቱን ሊያዩ እጃቸውን በሩ ላይ ጫኑበት። ሲያነሱት አምስቱም ጣት ታትሟል፣ መዳፋቸውም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ገና አልተነሳም» አሉኝ በሐዘኔታ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ ፍቄ እንደገና ቀባሁ፣ ሌላ ስስ ቀለም ደረብኩ፣ እመት ዘርፉም ጠያቂውን ሁሉ ደጅ ላይ ተቀብለው መሸኘት ጀመሩ። ላዩ ሲደርቅ ደጅ ጥላ ሥር አውጥቼ በሐር ጨርቅ ወለወልኩትና ከመኪናው ጋር አጋጠምኩት። ጎንበስ ስል አንድ ቆንጆ ሰው ከውስጥ አየኝ። የት አውቀዋለሁ ብዬ ብዙ አሰብኩ።

ፈዬራ ጉራቻን ይዞ ሲመጣ ገበያተኛው ከኋላው ነው። አንዱ ቃጭሉን እያንቃጨለ መንገድ ይመራል። ግራዝማች ለሠርጉ በርኖሳቸውን ደርበው ከመኪናው አጠገብ ቆመዋል፤ እኔ ደግሞ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ከመንኮራኩሩ ተጠግቻለሁ።

ጉራቻ መጀመሪያ አላየም። ጅራቱን እያወዛወዘ፣ እንደ ጠገበ ባላባት አለፈ ማለት ይቻላል። ሰውየው ቃጭሉን ወደ እኔ ዘረጋ። ፈዬራ ፈገግ አለ። ኮርማው ግን ከበሩ ትይዩ ሲደርስ ቆመ። ጆሮው ቀና አለ። አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ በሩ ውስጥ ያለውም ዝቅ አደረገ። አቧራውን በኮቴው ጫረ፤ ያኛውም ጫረ። ከዚያ አገሳ። ባቡሩ ከጣቢያው እንደመለሰለት ዛሬም ምስክር አለኝ።

ፈዬራ ገመዱን ጨበጠ፣ ገመዱ ግን ፈዬራን ይዞት ሄደ። ተረከዙ መሬቱን እያረሰ፣ ለማሽላ የሚበቃ ትልም አወጣ። ሰው ሁሉ ሸሸ። ያን ጊዜ ግራዝማች፣ በርኖሳቸውን ከበላይ ሹም ፊት ካልሆነ የማያወልቁት ሰው፣ ከትከሻቸው ገፈው በሩ ላይ ወረወሩት።

ባላጋራው ጠፋ። ጉራቻ ቀንዱን እንዳዘጋጀ ቀረ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ፈርቶ ሸሸ ብሎ ደመደመና እየተጎማለለ ወደ ውኃው ወረደ።

ፈዬራ አቧራውን ሳያራግፍ ገበያው መሀል ሄዶ ቆመ። ወንድ ነው፣ ቃሉን አላጠፈም።

«ሰዎች፣ ጉራቻ መስክሯል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሰው መሐንዲስ ደገፋ ነው።»

እኔም ትንሽ ራሴን ነቅነቅ አደረግሁ፤ የለመደበት ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

በርኖሱን ሲያነሱት ግን ቀለሙ ገና ልቡ አልደረቀም ኖሮ፣ የሱፉ ጠጉር በሩን ሙሉ ተለጥፎ ቀረ። በሩ እንደ ግልገል ሱፍ አበቀለ። እየነቀልኩ ልለቅም ጎንበስ ስል ግራዝማች ክንዴን ያዙኝ።

«ተወው» አሉኝ። «በርኖስ የለበሰ አውቶሞቢል ከእኔ በቀር ማን አለው?»

ወደ ሞጆ የሄድነው እንደዚያው ነው፤ እኔ ከፊት፣ ባለ ሱፉ በር በኩል። የሠርግ ዘፋኞቹ በሩን እየዳሰሱ ምን ብለው እንደሚዘፍኑ ጠፋባቸው። ግራዝማች እንግዳውን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ይህ መሐንዲሴ ነው፣ ይህ ደግሞ ሥራው ነው እያሉ አሳዩን። ጉራቻም ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ሲያልፍ ያንን ጠጉራም በር እንደ ሥጋ ዘመድ አሽትቶት ነው የሚሄደው።