ሚጣን የማትመስለው ሚጣ

እጀ ወርቅ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የምትሠራበት ፎቶ ቤት ደንበኞች ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። የሙሽራ ብጉር ይሁን የአባወራ ራሰ በራ፣ እሷ ኮምፒውተር ፊት ከቀረበ አለቀለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ስታሳምር ኖራለች። እሷ ራሷ ደግሞ አሳምሩኝ የምትል አይደለችም፤ ሰፈር ያወቃት ቆንጆ ናት። ታዲያ ይቺ ቆንጆ እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ከኮምፒውተር ኋላ ተቀምጣ፣ ታናሽ እህቷ ሚጣ፣ ያቺ ገጣጣ፣ ተዋናይ ልሁን ብላ ስትነሳ አንጀቷ አረረ።

እንዳትፈርዱባት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ሚጣን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። አባታቸው ሲሞት እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር፣ ሚጣ ሰባት። ያኔ እሷም ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋር ልምምድ ጀምራ ነበር። እናቷ “ማን ያብላን ልጄ?” ብላ ስታለቅስባት ተወችው። ማንም አላስገደዳትም፤ ማንም ደግሞ እግዜር ይስጥልን አላላትም። ዛሬ ያቺው እናት ለጎረቤት ሁሉ “ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ልትወጣ ነው” እያለች ስትዞር፣ የትኛዋ ልጅሽ ብሎ የሚጠይቃት እንኳ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ሁለት ወጣት ሴቶች ይፈልጋል፤ አንዷ ኩሩ የሀብታም ልጅ፣ ሌላዋ አፏ የማያርፍ ቀልደኛ ጎረቤት። አመልካች የምትልከው ከትከሻ በላይ የተነሳችውን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ፊቷን አይተው ለየትኛዋ እንደምትሆን እነሱ ይወስናሉ፤ ካልሆነችም አይጠሯትም። ማስረከቢያው ሐሙስ ስድስት ሰዓት። ሚጣ ለዚህ ቀን ስትል ሁለት ዓመት በአንድ የቴአትር ክበብ ወንበር ተሸክማለች፣ መጋረጃ ስባለች፤ ሰው ሲታመም ብቻ ተተክታ ተጫውታለች። ይሄ ካመለጣት እናቷ ኮሌጅ ልታስመዘግባት ቆርጣለች።

ማክሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ ጋሼ የሚለው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ራሱ አነሳት። ጉትቻዋን አስወለቃት፣ የከንፈር ቀለሟን አስጠረጋት፣ አበባ የበዛበትን ሸሚዟን አስቀይሮ ጥቁር ሰማያዊ ካናቴራ አስለበሳት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ግራጫው ግድግዳ ፊት አቆማት። የተዋናይ ፎቶ የሠርግ ፎቶ አይደለም ሲል አስረዳት፤ በር ከፍታ ስትገባ የሚያዩት ፊትና ወረቀቱ ላይ ያዩት ፊት ካልገጠመ፣ እንደ ዋሾ ይቆጥሯታል። ከዚያ የማያስቁ ቀልዶቹን እየነገራት ስልሳ ሦስት ጊዜ አነሳት። ሚጣ ለቀልዶቹ ሳይሆን ለሱ አዝና ሳቀችለት።

ምርጫው ላይ ሁለቱ እህቶች አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ሚጣ ገና አሥሩን ሳትጨርስ ተነሳች።

“እትዬ፣ አንቺ መርጠሽ ላኪልኝ” አለች። “በኔ ዓይን ሁሉም ያው ገጣጣ ናት። ያንቺን ዓይን ነው የማምነው።”

ጉንጯን ስማት ወደ ልምምዷ ሮጠች።

እጀ ወርቅ አሥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሚጣ ስቃ ልትጨርስ ስትል የተነሳች ናት። ገጣጣ ጥርሷ ከከንፈሯ ሥር ብቅ ብሏል፣ በልጅነቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ያተረፈችው የቅንድቧ ጠባሳ ይታያል፣ ዓይኗ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ወሬ የሚጠብቅ ዓይን ነው። ይቺን ልጅ ያየ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ምን ልትል ነው ማለቱ አይቀርም። ሌላ ማየት አላስፈለጋትም፤ ፎቶው ይሄ ነው። ይሄን በማወቋም እሳት ላሰች። የኔ ፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል? አለች በሆዷ። ሰው ሁሉ ቆንጆ ነሽ ይለኛል፤ ቀጥሎ ምን ልትይ ነው ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም።

ማክሰኞም ሳትልክ አደረች፣ ረቡዕም። ሐሙስ ጠዋት ጋሼ የተማሪ ፎቶ ሊያነሳ ሲወጣ ሠላሳ አራተኛውን ከፈተች። ይቺኛዋ ሚጣ አፏን ገጥማለች፣ ደክሟታል፣ ምንም አታስብም። እጀ ወርቅ ጠባሳዋን አጠፋች። የላይኛውን ከንፈር ወደ ውስጥ መለሰች፣ አፍንጫውን ትንሽ አቀጠነች፣ አገጩን አሾለች፣ ዓይኑን ከፈት አደረገች። ላሳምራት ብዬ እኮ ነው፣ ሰው አሳመርሽ ተብሎ ይከሰሳል እንዴ? እያለች ለራሷ ተሟገተች። ወሬ ነው። ወይ ሳይጠሯት ይቅሩ፣ ወይ ጠርተው ሲያዩዋት ያባርሯት ብላ ነው የሠራችው፤ ልቧ ያውቃል። ደግሞ እንደዚያ ቀን እየጣማት ሠርታ አታውቅም። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ላከችውና ለሚጣም አንድ ቅጂ ሰደደችላት።

ሰኞ ስልክ ተደወለ። ሚጣ ለኩሩዋ የሀብታም ልጅ ተመርጣ ረቡዕ ለሙከራ ተጠራች። እናታቸው ስልኩን ነጥቃ ራሷ ልታናግራቸው ምንም አልቀራትም። ከዚያ ታላቋን አብረሽያት ሂጂ ስትላት እጀ ወርቅ ሳትግደረደር እሺ አለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እህቷ ስትወድቅ ለማየት ነው የሄደችው።

ሙከራው ከአንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ካሜራና ተዋንያን የምትመርጠው ሴትዮ አሉ። ሴትዮዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ናት። ሚጣ ገብታ ጤና ይስጥልኝ ስትል እጀ ወርቅ በሩ ሥር ቆመች። ሴትዮዋ በትልቁ የታተመውን ፎቶ አየች፣ ሚጣን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ከዚያ በሚጣ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ በሩ አየች።

“አንቺ ነሽ እንዴ? እኛ እኮ የጠራነው አንቺን ነው” አለች።

እጀ ወርቅ ተጠግታ ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ፎቶ አየችው። ሃያ ዓመቷ ላይ መስታወት ውስጥ ታያት የነበረችው ልጅ ናት ቁልጭ ብላ የተቀመጠችው። አፍንጫው የሷ ነው፣ አገጩም የዓይኑ አከፋፈትም። የሰው ፊት ሲያቃኑ መኖር እንዲህ ነው ለካ፤ እጅ ቆንጆ ብሎ የሚያውቀው አንድ ፊት ይኖረዋል። እሷ የማንን ፊት እያየች እንዳደገች ደግሞ የታወቀ ነው።

ሴትዮዋ ዕድሜዋን ጠየቀቻት። ሠላሳ ሁለት ስትላት ከአንገቷ በላይ ፈገግ ብላ፣ ያሳዝናል፣ እኛ የምንፈልገው የሃያ ዓመት ልጅ ነው አለች። ፊትሽ ግን ሆኖ ነበር፣ አሥር ዓመት ቀደም ብለሽ ብትመጪ፣ ብላ ጨመረችበት። ለሚጣም እንዲህ ያለ ፎቶ መላክ ሰው ማታለል እንደሆነ ነገረቻት፤ ተቆጥታ ሳይሆን ሰልችቷት ነው። ሚጣ ይቅርታ አለች። በሷ ላይ የተሠራውን፣ ራሷ የሠራችው ይመስል ይቅርታ ስትጠይቅ እጀ ወርቅ አልቻለችም። ስልኳን አወጣች፣ ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ ያስቀመጠችውን አሥራ ሰባተኛውን ፎቶ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ይቺ ናት” አለች።

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። ሳቅ አመለጣት።

“ይቺን ጎረቤት ሦስት ሳምንት ስንፈልጋት ነበር” አለች። “ትናንት ለሌላ ልጅ ሰጠናት፣ ውል ተፈረመ። ይሄ የት ነበር?”



ደረጃውን ወርደው አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ደረሱ። እጀ ወርቅ ስድብ እየጠበቀች ነበር፤ ስድቡ ቢመጣ ይቀላት ነበር። ሚጣ ግን ክንዷን ይዛት ማጽናናት ጀመረች። እኔም እኮ ጥፋተኛ ነኝ አለች። ፎቶው ሐሙስ እንደደረሳት እሷን አለመምሰሉን አይታለች፤ ይቅር ሌላ እንላክ ልትል ደውላ መልሳ ዘጋችው።

“ለምን?” አለች እጀ ወርቅ።

“አንቺን መሰልኩ ብዬ ነዋ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን ሳድግ ያንቺ መልክ ይወጣልኛል እያልኩ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ሳየው ወጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። የስልኬም ፊት ላይ አድርጌዋለሁ፣ ተመልከች።”

አሳየቻት። እጀ ወርቅ አየችው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልሆነላትም።

“ተሳስቼ አይደለም” አለች። “እንዳትመረጪ ብዬ ነው። ቀንቼብሽ ነው፣ ሚጣ።”

ሚጣ ክንዷን ለቀቀች። መኪና ሲያልፍ፣ ሰው ሲያልፍ ቆማ አየች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ፎቶውን አጠፋችው፤ ስልኩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቅም አዎን አለችው። አውቶቡሱ ሲመጣ ቀድማ ተሳፈረች፣ እህቷ አጠገቧ እንድትቀመጥ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አላነሳችም። እጀ ወርቅ ብረቱን ይዛ ቆመች። ሊወርዱ ሁለት ፌርማታ ሲቀራቸው ሚጣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ ተናገረች።

“ለእማዬ እንዳትነግሪያት። እኔ አልቻልኩበትም እላታለሁ።”