ጥርስ ያረፈበት ካቻቢቴ

እድላዊት መዳፏን የጃፓኑ ፒካፕ ኮፈን ላይ አሳረፈችና ወዲያው አነሳችው። ሞቋል። ገና ማንም «አስነሳው» ሳይል፣ ብረቱ እንደ ታማሚ ግንባር ይፋጃል።

«ከሴቻ ሰፈር ነድቼው መጥቼ አይደል እንዴ» አለ ሳምሶን፣ ሳትጠይቀው። «መኪና ሲሄድ ይሞቃል፣ ቆንጅት። ይሄን አባትሽ አላስተማረሽም?»

«አባቴ ያስተማረኝ ሳልጠየቅ እንዳልመልስ ነው» አለችው።

ሳምሶን ሳቀ። መኪና ማሻሻጥ እንጀራው ነው፤ ሲስቅ ጥርሱ ከሚሸጠው መኪና መብራት ይበልጥ ያበራል። እድላዊት ግን አልሳቀችም። የታመመ ሞተር ምስጢሩን የሚያወጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳና ዳገት ሲይዝ። አንዱን ሳምሶን ቀድሞ ወስዶባታል።

አባቷ ዳምጤ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እዚህ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ሞልቷል፤ እሱ ጋ የሚመጡት ግን ለጥገና ብቻ አይደለም። ከካምባም ይምጣ ከጨንቻ፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው «መጀመሪያ ዳምጤ ይስማልህ» ይባላል። ዳምጤ ኮፈን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያ «ግዛ» ወይም «ተወው» ይላል። ሃያ ዓመት ያበላቸው ይህ ጆሮ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዳምጤ ጆሮ ግን ባዳ መሆኑ ሳያንሰው ጭራሽ አገር ጥሎ ሄዷል። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱም መግል ይዘው ወር ሙሉ አሠቃዩትና ሲድኑ ዝም አሉ። አሁን ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ያያል። ሰዉም «እንዴት ያለ አክባሪ ሰው ነው፣ ዓይን ዓይን እያየ ያናግራል» ይላል።

የሚሰማለት እድላዊት ናት። ሰባተኛ ክፍልን አጋምሳ ደብተሯን የሰቀለችው ለዚህ ነበር። ከጎኑ ቆማ ክርኑን ትነካለች፦ አንድ ጊዜ ከነካችው ደህና ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ይጠገናል፣ ከቆነጠጠችው አይገዛም። የሰፈሩ ሰው «ይቺ ልጅ ከአባቷ ክርን አትወርድም» ይላታል፤ እሷም «ኪራዩ ርካሽ ነው» ትላለች።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ጊዜ ስልኳ ላይ እየሳቀች ሳትሰማ ነካችው። ደህና ነው አለች። የተባለው መኪና በቆሎ እንደጫነ ካምባ መንገድ ላይ ማርሽ ሳጥኑ ተበልቶ ቆመ። ባለቤቱ መጥቶ ዳምጤን በሰው ፊት አዋረደው። ዳምጤ «ጆሮዬ ነው የሳተው» ብሎ ብቻ አንገቱን ደፋ። እሷን አንድ ቃል አልጠየቃትም። ቢመታት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደህናውም ሞተር የሚያንኳኳ ይመስላታል፤ የሚያንኳኳውም የራሷ ልብ ይመስላታል።

እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። የጨንቻ አፕል አምራች ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለቱን የሳምሶን ፒካፖች፣ አሮጌውን የጃፓንና አዲስ መሰሉን የቻይና፣ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ዙሪያቸውን እየዞሩ ያያሉ።

«ለአፕሉ ነው የምንገዛው» አሉ። «ግን አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት መጫኗ አይቀርም። ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ በቃሬዛ ነው ያወረድናት። እሷ ተርፋለች፤ ልጁ አልተረፈም። ስለዚህ ጋሽ ዳምጤ፣ የትኛው ነው የማያሳፍረኝ?»

ዳምጤ ከንፈራቸውን ተከትሎ ጨረሰና መለሰ፣ እንደ ሁልጊዜው ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ። «የጃፓኑ መለዋወጫ እዚሁ ሲቀላ አለ። ካምባም ላይ ቢቆም የሚፈታው አያጡም። ዋጋው ግን ያማል፤ በዚያ ላይ ሐሰተኛው ዕቃ ከእውነተኛው ይበልጥ ያብረቀርቃል። የቻይናው በግማሽ ዋጋ ይጠገናል። ነገር ግን ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንትም አሥር ቀንም ይቆማል።»

«ምጥ አሥር ቀን አይጠብቅም።»

«አይጠብቅም። ቢሆንም ስሙን አይግዙ እትዬ። ስም ዳገት አይወጣም።»

«እንግዲያው የጃፓኑን ይስሙልኝ።»

ሳምሶን ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳያንገራግር ተነሳ። እድላዊት ከአባቷ ጎን ገብታ ጣቷን ክርኑ አጠገብ አዘጋጀች። ድምፁ ለስላሳ ነው። ከመጠን በላይ ለስላሳ፣ ወፍራም ዘይት እንደጠጣ፣ ማር እንደዋጠ ዘፋኝ። ለመንካትም ለመቆንጠጥም የሚሆን ነገር አጣች። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ዳምጤ ጠበቀ፤ ጠብቆ ጠብቆ የከፈተውን ኮፈን ዘጋው።

«ዳገት ይያዝ» አለ። «የጨንቻን መንገድ።»

«ከካምባ ሌላ ገዢ እየመጣብኝ እኮ ነው» አለ ሳምሶን።

«ይምጣ፤ ሲመጣ ማንጎው ሥር ይረፍ» አሉ እትዬ ጌጤ፣ ወደ ጋቢናው እየሄዱ።

ጋቢናው ሦስት ሰው ነው የሚይዘው። እድላዊት እግሯን ስታነሳ ሳምሶን በሩን በክንዱ ዘጋባት።

«አንቺ ከኋላ። ወይስ አባትሽ ሊያቅፉሽ ነው?»

«እሷም ትገባለች» አለ ዳምጤ።

«ለምን?»

 ዳምጤ ለዚህ ያለው መልስ አንድ ነው፣ እሱም አይነገርም። ከዕቃ ሳጥኑ ባለቢጫ እጀታውን ካቻቢቴ አንስቶ ኪሱ ከተተና ጋቢናው ውስጥ ገባ። እጀታው ዙሪያውን ተበልቷል። ትናንት እድላዊት አይታው «አባዬ፣ ካቻቢቴህን አይጥ እራት አድርጎታል» ብላ ነበር። ሳይስቅ ከእጇ ተቀብሎ ደበቀው። አባቷ አይጥ ለቀመሰው ዕቃ እንዲህ ይሳሳል ብላ አስባ አታውቅም።

መንገዱ ዳገቱን ሲጀምር ሙቀቱ ከኋላ ቀረ። እድላዊት ጀርባዋን ለጋቢናው ሰጥታ የጭነት ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጣለች። ነፋሱ ጆሮዋን ሞላው። ዞራ በትንሿ የኋላ መስተዋት ስታይ ሳምሶን እያወራ ነው፣ እትዬ ጌጤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አባቷ የሁለቱንም አፍ ለማየት መሀል ላይ ይዞራል። ድምፅ በሞላበት ጋቢና ውስጥ ብቻውን ነው።

ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች።

መጀመሪያ የጎማው ድምፅ ነበር። ቀጥሎ የማርሹ። ሳምሶን በኩርባው ላይ ነዳጅ ሲጨምር ግን ከሥር፣ ከሆዱ፣ የሆነ ነገር መጣ። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። ሲረግጠው ይፈጥናል፤ ሲለቀው ይጠፋል።

ክሪኩ ይሆናል፣ አለች ለራሷ። እውነትም ክሪኩ ጥግ ላይ ሳይታሰር ተጥሏል። በሁለት እግሯ መሀል ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ቀጣዩ ኩርባ ደረሰ። ዱክ፣ ዱክ። ክሪኩ ጸጥ ብሏል፤ ድምፁ ግን አለ። ወይስ ልቧ ነው? እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሁለቱን ለመለየት ሞከረች። ልቧ ከሞተሩ ይፈጥናል። መስተዋቱን አንኳኳች። ሳምሶን በስፖኪዮ አይቷት ሳቀና አንድ ነገር አለ፤ እትዬ ጌጤም ፈገግ አሉ። ፈራች ብሎ ይሆናል። ደግሞም አልዋሸም።

ሐይቁ ወለል ብሎ ከሚታይበት ጥግ ላይ ቆሙ። አባያ ከታች ቀይ ወጥ መስሎ ተዘርግቷል። እትዬ ጌጤ ወርደው የማኅበሩን ወረቀት ከቦርሳቸው ማውጣት ጀመሩ። ዳምጤ ቁልቁል ያያል።

ሳምሶን ከኋላው መጥቶ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። «ጋሽ ዳምጤ፣ ጫማዎ ተፈቷል» አለ።

ዳምጤ አልዞረም።

«ጋሽ ዳምጤ።»

ሐይቁን ያያል። ሳምሶን ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ እድላዊት አዞረ፤ ፈገግታው ጊዜ ወስዶ ነው ፊቱ ላይ የወጣው። የጭነት ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ለማንም አልናገርም። አንቺም ስለ ሞተሩ ለማንም አትናገሪም። እኩል ነን።»

እድላዊት ዘልላ ወረደች። እግሯ ሥር ያለው ጠጠር ሲንሸራተት ይሰማታል። ብትቆነጥጠው ሲቀላ ሁሉ ነገ ጠዋት ያውቃል፤ ደንቆሮ ጋ ሞተር የሚያሰማ ማን ነው? ብትነካው ደግሞ ይህ መኪና አንዲት ሴት ተጭናበት ይህንኑ ቁልቁለት ይወርዳል። ክሪኩ ቢሆንስ? ዳግመኛ ብትስትስ?

«ጋሽ ዳምጤ» አሉ እትዬ ጌጤ ፊት ለፊቱ መጥተው። «ልፈርም?»

ዳምጤ እንደ ልማዱ ክርኑን ትንሽ ወደ ኋላ ለቀቅ አደረገ።

ቆነጠጠችው። ጥፍሯ ኮቱን አልፎ ሥጋው ላይ እስኪያርፍ።

«አይፈርሙ» አለ።

«እትዬ» አለ ሳምሶን ወዲያው፣ በጣም በትሕትና። «ፍርዱን የሰጠችው ልጅቷ ናት። እሳቸው አይሰሙም። አፍዎን ሸፍነው ይጠይቋቸው።»

እትዬ ጌጤ ሳምሶንን አዩት፣ እድላዊትን አዩ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ከፍ አደረጉ። «ጋሽ ዳምጤ፣ የእናትዎ ስም ማን ነው?»

ዳምጤ ነጠላው ላይ አፈጠጠ። ጨርቁ ሲንቀሳቀስ አይቷል፣ የተጠየቀ መሆኑን አውቋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። ነፋሱ የነጠላውን ጥለት ያራግበዋል። እድላዊት የአያቷን ስም ክርኑ ላይ የምትነግርበት ምልክት አልነበራትም።

«እኛ ጋ» አሉ እትዬ ጌጤ ነጠላውን ዝቅ አድርገው፣ «ነውር ደብቆ መሸጥ ጎሜ ነው፤ መዓት የሚያመጣ ጥፋት። በሻጩም ይመጣል፣ በልጁም ይመጣል። የመኪናም ነውር ይሁን የጆሮ።»

ዳምጤ ይህን ከከንፈራቸው አንብቦታል። አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ካቻቢቴው እጁ ላይ ነበር።

«አስነሳው» አለው ሳምሶንን። «የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሁለተኛ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቀው። ዳገት የያዘ ይምሰለው።»

ሳምሶን እትዬ ጌጤን አየ። እትዬ ጌጤ በአገጫቸው ወደ ጋቢናው አመለከቱት። ሞተሩ ተነሳ፣ ተጨነቀ፣ መኪናው ባለበት ተንቀጠቀጠ። ዳምጤ ኮፈኑን ከፍቶ የካቻቢቴውን ጫፍ የሞተሩ ሆድ ላይ ተከለና ቢጫውን እጀታ ነከሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

ጥርሱ የድሮው ምልክት ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ።

አይጥ አልነበረም። እድላዊት ሦስቱን ወር ወደ ኋላ ቆጠረች። ክርኑን ከነካች በኋላ ሁልጊዜ «እስኪ ውኃ አምጪልኝ» ይላት ነበር። ውኃውን ስታመጣ ሁልጊዜ አፉን ይጠርግ ነበር። ሁልጊዜ።

«አጥንት ይሰማል ያለኝ ሐኪሙ ነው» አለ ቀና ብሎ። «ዓመት ሆነው። የሞከርኩት ግን ከካምባው በኋላ ነው።» ካምባ ሲል እድላዊትን አላያትም።

«እሺ፣ ጥርስዎ ምን አለ?» አሉ እትዬ ጌጤ።

«እሷ ትቅደም።» ዞረ። ክርኑን ሳይሆን ፊቱን ሰጣት። «እድል፣ ምን ሰማሽ?»

ይህን በሰው ፊት፣ በአፉ፣ ጠይቋት አያውቅም።

«ዳገት ሲይዝ ከሆዱ ያንኳኳል» አለች። ድምፏ የሌላ ልጅ መሰላት። «ክሪኩ መስሎኝ በእግሬ ያዝኩት። እሱ አይደለም። ልቤም አይደለም፣ ይለያያሉ።»

ዳምጤ አፏን እስከ መጨረሻው አነበበ። ካቻቢቴውን በጨርቁ ጠረገው። «የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው» አለ። «ሞተሩ ወርዶ ይታደሳል እንጂ በሌላ አይድንም። ወጪው የመኪናውን ሩብ ይበላል። ሳይታደስ ግን የት እንደሚቆም አይናገርም።»

ሳምሶን ሞተሩን አጠፋ። የሚስቅበት ጥርስ ጠፍቶት ነበር። «ካላመናችሁት በእግራችሁ ውረዱ» አለ።

«ማንም በእግሩ አይወርድም። አንተ ቀስ ብለህ ትነዳለህ።» እትዬ ጌጤ ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ከተቱ። የጋቢናውን በር ከፈቱ። «ጋሽ ዳምጤ፣ እርስዎ ከኋላ። ጉዳያችን ገና አላለቀም፤ የተደበቀ ነገር አልወድም። አንቺ፣ ግቢ።»

«እኔ?»

«ታች የቻይናው አለ፤ እሱን ትሰሚልኛለሽ። እስከዚያ ይሄኛው የሚለውን እየሰማሽ ንገሪኝ። ያላወቅሽውን አላወቅኩም በዪ።»

መሀል ላይ ተቀመጠች። መኪናው አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ፤ የመጀመሪያው ኩርባ ከፊት ለፊት ባዶ ሰማይ ሆኖ መጣ። ሳምሶን ፍሬን ያዘ፣ ለቀቀ። ከጀርባዋ ትንሿ መስተዋት ተንሸራታ ስትከፈት ሰማች። ነፋስ ገባ፣ ከነፋሱ ጋር የአባቷ ክርን ገብቶ ትከሻዋ አጠገብ አረፈ።

እትዬ ጌጤ ክርኑን አዩት፤ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

እድላዊት ጣቷን አነሳች። አላወረደችውም። ገና እየሰማች ነበር።