ሟቹ ደወሉ

የዩኒቨርሲቲው የባህል ሬዲዮ የተመሠረተበት ቀን በመጣ ቁጥር፣ ከቀትር በኋላ የጣቢያውን ታሪክ በቀጥታ የምታስተላልፈው አዘጋጇ ናት። ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቷ ነው። ጽሑፉን ከማጥናቷ ብዛት ተኝታም ትወጣዋለች፦ ጣቢያው በቋንቋ ክፍሉ የወንበር መጋዘን ውስጥ እንደተጀመረ፣ ግድግዳው እንዳያስተጋባ አሮጌ ፍራሽ እንደተለጠፈበት፣ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ተረትና እንጉርጉሮ ይሰማበት እንደነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ መሥራቹ ትሻገራለች።

«እኒህ ሰው ዛሬ በሕይወት የሉም፤» አለች እንደ ልማዷ። «ያንን ከባድ የድምፅ መቅጃ ተሸክመው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የእናቶችን እሹሩሩ ያቆዩልን ግን እሳቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር።»

እሹሩሩው ተለቀቀ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቴክኒሻን፣ በቅጥነቱ ሽቦ የሚሉት፣ ስልክ እንዳነሣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምን ሆንክ?» አለችው በውስጥ መስመር።

«መሥራቹ ናቸው።»

«የምን መሥራች?»

«አሁን ነፍስ ይማር ያልሻቸዋ!»

«ሽቦ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ አትቀልድ።»

«እናቴ ትሙት! ይኸው፣ ራስሽ ስሚያቸው።»

በጆሮ ማዳመጫዋ የሸመገለ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ከመቃብር አይደለም የምደውለው። ቤቴ ከግቢያችሁ ዋና በር ፊት ለፊት ነው፣ ከልብስ ሰፊው ጎን።»

አዘጋጇ ክው አለች። በዚያ ደጅ በየቀኑ ታልፋለች። «ጋሼ... የሠራተኛ አስተዳደሩን ስጠይቅ፣ አርፈዋል ብለውኝ...»

«ያረፈው ሞክሼዬ ነው፤ የሒሳብ መምህሩ።»

አንድ ጊዜ ስልክ ደውላ፣ የነገሯትን ሳታጣራ ተቀብላ፣ ሰባት ዓመት አስለቅሳለች። «ታዲያ ያኔውኑ ምነው ሳይቆጡኝ ቀሩ?»

«ልደውል ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ። 'በቁምህ እንዲህ አላመሰገኑህም፤ ዝም ብለህ ስማ' ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አብረን ቁጭ ብለን ሞቴን እየሰማን ስንስቅ ኖርን። ዘንድሮ ብቻዬን ሰማሁት። ካረፈች ዘጠኝ ቀኗ ነው።»

አዘጋጇ ጽሑፏን ገልብጣ አስቀመጠች።

«እሹሩሩዎቹን የቀዳችው እሷ ናት። የቋንቋ ክፍሉ ታይፒስት ነበረች። እኔንማ አራሶቹ ጓዳቸው መቼ ያስገቡኛል? መቅጃው በእኔ ፊርማ ስለወጣ ግን የቴፕ ሣጥኖቹ ላይ የእኔ ስም ተጻፈ። እሷ ስትስቅበት እኔም ሳቅሁ። አሁን ግን አልችልም።»

«ይህንን ለአድማጭ ይንገሩልኝ።»

ሽቦ ጣልቃ ገባ። «ኃላፊው ይገድሉናል!»

«ይግደሉና! እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ስገድል ማን ምን አለኝ?»

እሹሩሩው ሲያልቅ ማይክሮፎኗን ከፈተች። «አድማጮቼ፣ ሞቱ ያልኳችሁ ሰው በስልክ አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ሽማግሌውም ለእሷ ያሏትን በዝግታ ደገሙት። በመጨረሻ፣ «በየቅጂው መግቢያ ላይ 'እስቲ እንደገና በይልኝ፣ እህቴ' የምትል ሴት አለች አይደል? ባለቤቴ ናት» አሉ።

አዘጋጇ ወደ ሽቦ ዞረች፤ እንዲህ ያለች ሴት ሰምታ አታውቅም። ሽቦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።

«እኔ ነኝ የቆረጥኳት፤» አለ በውስጥ መስመር። «ጫጫታ መስላኝ ከሁሉም ቆረጥኳት።»

«ዋናው አለ?»

እየተደናበረ ያልተነካውን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ፈልጎ ለቀቀው። በሩን በርግደው የገቡት ኃላፊም ሊጮኹ የከፈቱትን አፍ ገጠሙ። መጀመሪያ ሕፃን ሲነጫነጭ ተሰማ፤ ቀጥሎ አንዲት ወጣት ሴት ሳቋን አፍና፣ «እስቲ እንደገና በይልኝ፣ እህቴ» አለች።

በስልኩ ላይ ትንፋሽ እንኳ ጠፋ። አዘጋጇ ደንግጣ፣ «ጋሼ? አሉ?» አለች።

«አለሁ፤» አሉ ሽማግሌው። «ድምፅዋ ያለበት አንድ ቴፕ እንኳ ቤቴ የለም። ቴፑን ሁሉ ለእናንተ ነበር የምናስረክበው።»

ዝግጅቱ እንዳለቀ አዘጋጇና ሽቦ መንገዱን ተሻገሩ። ለቅሶ ደራሽ የተቀመጠባቸው ወንበሮች ገና አልተነሡም። የምትለውን ስታሰላስል መጥታ፣ በሩን ሲከፍቱላት ሁሉም ጠፋባት፤ ዕንባዋ ቀደማት። ሽማግሌው ክንዷን ይዘው አስገቧት።

«ስሟን ጻፊልኝ፤» አሉ ወንበር እየሳቡላት። «ፊደሉን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ፤ እንዳትሳሳቺ።»